ጋሼ ውሃ ላይ ቤት ሊገዙ ነው

ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ለንደን ከተማ ውስጥ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሦስታችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ በአንድ መኝታ ክፍል ሁለት ዓመት አብሮ ላደረ ሰው የጓደኛው ወንድም ወንድሙ ነው። ጋሼ ከአገር ከወጡ አሥራ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ባለትዳርና የአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ አባት ናቸው። እስከ አሁን የሚኖሩት በኪራይ ቤት ሲሆን፣ ከደመወዛቸው ግማሽ ያህሉን ኪራዩ ይበላዋል። ከቀረው ላይ ቆንጥረው ያስቀመጡት ገንዘብ አለ። እናታቸው ይህ ገንዘብ አንድ ቀን ባሕር ዳር ላይ ባለሁለት ክፍል ቤት ይሆናል ብለው ሲጠብቁ ነው የኖሩት። እንግዲህ በጥር ወር ጋሼ ደወሉና «እማማ፣ ቤት ላገኝ ነው፤ ብቻ ቤቱ ውሃ ላይ ነው» አሏቸው።

እማማ እሺም እምቢም አላሉም። ወደ እኛ ነው የደወሉት። «ወንድማችሁ ጀልባ ገዝቼ ልግባበት ይለኛል። ወረቀቱን ለእናንተ ይላክና አንብባችሁ ንገሩኝ። ምርቃቴን የምሰጠው ያን ጊዜ ነው» አሉን። እኛም አንዳችን የሒሳብ፣ አንዳችን የሳይንስ፣ አንዳችን የእንግሊዝኛ ሠልጣኝ ስለሆንን፣ ከዚህ የተሻለ ኮሚቴ ከየት ይመጣል ብለን ተቀበልን። ሠላሳ አንድ ገጽ በስልክ ተላከልን። ሦስት ማታ ፈጀብን።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ጀልባ ነው? እንግሊዞቹ ናሮውቦት ይሉታል፤ ጠባብ ጀልባ ማለት ነው። ስሙም አላጋነነም። ወርዱ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን ርዝመቱ ግን እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። የመኝታ ቤታችንን ኮሪደር ቆርጣችሁ፣ ምድጃና አልጋ አስገብታችሁ፣ ከኋላው የናፍጣ ሞተር አስራችሁ ውሃ ላይ ብታስቀምጡት ያ ነው። ከውስጡ ቆሞ ሁለት እጁን የዘረጋ ሰው ግድግዳና ግድግዳውን ሊነካ ጥቂት ነው የሚቀረው።

ጥበቱ የመጣው ከመንገዱ ነው። የእንግሊዝ ቦዮች በእጅ የተቆፈሩ የውሃ መንገዶች ናቸው። ኮረብታ ሲያጋጥማቸው ጀልባውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሎክ የሚሉት ነገር ነው፤ ይኸውም በሁለት በሮች መካከል ያለ የድንጋይ ገንዳ ነው። ጀልባው ይገባል፣ የታችኛው በር ይዘጋል፣ ከላይ ውሃ ይለቀቅበታል፣ ጀልባው ቀስ እያለ ከፍ ይልና በላይኛው በር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1766 የትሬንትና መርሲ ቦይ መቆፈር ሲጀመር መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሊ የእነዚህን ገንዳዎች ወርድ 7 ጫማ ገደማ እንዲሆን አደረገ፤ ጠባብ ገንዳ ወጪም ውሃም ይቆጥባልና። ሌሎችም ተከተሉት። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የተወሰነ ልክ ዛሬ የጋሼን አልጋ ወርድ ይወስናል ማለት ነው። እኛ በዚህ ነገር ብዙ ተደነቅን፤ እማማ ግን አልተደነቁም። «አሮጌ ነው ወይስ አዲስ?» ነው ያሉን።

አሮጌ ነው። የተሠራው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ሦስታችንም ከመወለዳችን ብዙ አስቀድሞ። ርዝመቱ 57 ጫማ፣ ማለት 17 ሜትር ከ40 ያህል ነው። ይህ ልክ ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስላል፤ በሰሜን በኩል ገንዳዎቻቸው አጭር የሆኑ ቦዮች ስላሉ 57 ጫማ ያለው ጀልባ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቦታ ይገባል። የተጠየቀበት ዋጋ 38 ሺህ ፓውንድ ነው። ለእኛ ብዙ ነው፤ በለንደን ግን በዚህ ገንዘብ የሚገዛ ቤት የለም።

ሻጩ የላካቸውን ፎቶዎች መጀመሪያ አየን። በሩ ላይ ጽጌረዳና ግንብ ተሥሎበታል፤ የቦይ ሰዎች የቆየ ጌጥ ነው። ጣራው ላይ አበባ በባልዲ፣ ከውስጥ ደግሞ የሚነድ ምድጃና በላዩ ላይ ማንቆርቆሪያ። የእንግሊዝኛው ሠልጣኝ «እኔ እገዛዋለሁ» አለ። ፎቶዎቹን ለእማማ አሳየናቸው። እማማ ያደጉት ጣና ዳር ነው፤ አባታቸው በደንገል ታንኳ ዘጌና ባሕር ዳር እንጨት ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ካዩ በኋላ «ይኼ ፊቱ ነው። ሆዱስ?» አሉ። ታንኳ ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፤ እየዋለ እየከበደ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። በቆመ ጊዜ ሆዱ ይታያል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው።

የተላከልን ወረቀት እማማ የጠየቁትን የሚመልስ ሆኖ ተገኘ። አሮጌ ጀልባ የሚገዛ ሰው ባለሙያ ቀጥሮ ጀልባውን ከውሃ አስወጥቶ ያስመረምራል። ባለሙያውን የሚቀጥረውና የሚከፍለው ገዢው ራሱ ነው፤ ሻጭ ያመጣው መርማሪ የሻጭ ነዋ! መርማሪው ሬንጁን በየቦታው እየፋቀ ላሜራውን በመዶሻ ይመታል። ከዚያም በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ ያስጠጋል፤ ድምፁ ብረቱን አልፎ ተመልሶ እስኪመጣ የፈጀው ጊዜ ውፍረቱን ይናገራል። ዛሬ አዲስ የሚሠሩት ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ ወለላቸው 10፣ ጎናቸው 6፣ ጣራቸው 4 ሚሊ ሜትር ነው። የጋሼ ጀልባ ሲወለድ ወለሉ 6፣ ጎኑ 5፣ ጣራው 3 ነበር። አሁን የጎኑ አማካይ 4.4 ነው ይላል ወረቀቱ።

የሒሳቡ ሠልጣኝ ወዲያው እርሳሱን አነሣ። በአርባ ዓመት ገደማ 0.6 ሚሊ ከጠፋ በዓመት 0.015 ነው። ኢንሹራንሶች ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት ከ4 ሚሊ እንዳያንስ ስለሆነ፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመት ይቀረዋል አለ። ደስ አለን። ሳይንሱ ግን ገጽ 14ን ገልጦ አስነበበን፦ በኋላ በግራ በኩል፣ ውሃውና አየሩ በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ዝገት ጉድጓድ ጉድጓድ አድርጎ በልቶታል፤ በሁለት ቦታ የቀረው 3.2 ሚሊ ብቻ ነው። እንግዲህ መምህር ለመሆን የምንማር ሰዎች ይህን ልናውቀው ይገባል። የክፍሉ አማካይ ውጤት 60 ነው ማለት 20 ያመጣ ልጅ የለም ማለት አይደለም። ጀልባም የሚሰጥመው በአማካዩ በኩል አይደለም።

ዝገቱ ለምን እዚያ ጠና? ይኼ የሳይንሱ ሠልጣኝ ድርሻ ነበርና በጥቁር ሰሌዳ አስረዳን። ጀልባው ጎን ላይ ከውሃ በታች የማግኒዝየም ጥፍጥፎች ይበየዳሉ፤ አኖድ ይባላሉ። ማግኒዝየም ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮኑን ለመስጠት የተቻኮለ ስለሆነ በብረቱ ፈንታ እሱ ይበላል። ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ መሥዋዕት ነው። እሱ ካለቀ ተራው የላሜራው ነው። በጋሼ ጀልባ ላይ የተገኘው የአኖዱ ቅንጣቢ ብቻ ነው፤ ስንት ዓመት ሳይለወጥ እንደቆየ እንጃ። ደግሞ ወደብ ላይ ቆሞ በሽቦ መብራት የሚቀበል ጀልባ ተገቢው መከላከያ ካልተገጠመለት በመሬት ሽቦው በኩል ከጎረቤት ጀልባዎች ጋር ይያያዛል፤ ያን ጊዜ ለሌላው ብረት ሲል የሚበላው እሱ ሊሆን ይችላል። ከውጭ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ሬንጅ ይቀባል። ከውስጥ ግን ሌላ ጠላት አለ፦ የማብሰያው እንፋሎትና የሰው ትንፋሽ። ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆንና ወደ ወለሉ ሥር ይወርዳል። መርማሪው አንድ ሳንቃ ሲያነሣ ውሃ አገኘ።

እኛን ከሁሉ የበለጠ ያስገረመን መርማሪው ሊያይ ያልቻለውን መዘርዘሩ ነው። ከግድግዳው እንጨት ጀርባ፣ ከገላ መታጠቢያው ሥር፣ ከውሃ ታንከሩ በታች፤ አላየሁም ብሎ ጽፏል። እንዲህ ያለ ወረቀት ያስፈራል። እኛ ግን ሁሉን አየሁ ከሚል ሰው ይልቅ ይኸኛውን አመንነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አናስረዝም። አብዛኞቹን ቦዮች፣ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በእንግሊዝና በዌልስ የሚያስተዳድረው ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተቋቋመ ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ በየዓመቱ እንደ ጀልባው ልክ የፈቃድ ክፍያ ይቀበላል። ኢንሹራንስ አለ። በየአራት ዓመቱ የጋዝ፣ የእሳትና የመብራት ደኅንነት ምርመራ አለ። ከሰል፣ ናፍጣ፣ ጋዝ፣ ባትሪ አለ። መጸዳጃውንም ሰውየው ራሱ ነው ተሸክሞ ወስዶ የሚደፋው፤ ይህን ለእማማ አልነገርናቸውም። ባንክ ለቤት በሚያበድርበት አኳኋን ለጀልባ አያበድርም። ደሞ ጀልባ እንደ ቤት ካርታ የለውም፤ የሚይዘው ፈቃድ የባለቤትነት ማረጋገጫ ስላልሆነ፣ ሻጩ በእርግጥ ባለቤት መሆኑን ከቆዩ የሽያጭ ውሎች ፈልጎ ማግኘት የገዢው ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ከውሃው በላይ ያለው ችግር ከሥሩ ካለው ይብስብናል። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ፣ በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በእርግጥ የሚጓዝ መሆን አለበት። ካልተቸገረ በቀር በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ አይቆምም። ከሚያዝያ 2024 ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያሉት ጀልባዎች በፈቃዳቸው ላይ ጭማሪ ይከፍላሉ። ቋሚ ማቆሚያ ያለው እፎይ ይላል፤ ነገር ግን ሰው እንዲኖርበት የተፈቀደ ማቆሚያ ለንደን ውስጥ ጥቂት ነው፣ ውድ ነው፣ ወረፋ አለው። ጋሼ ማቆሚያ የላቸውም። በየሁለት ሳምንቱ እንንቀሳቀሳለን ነው ያሉት። እንግዲህ ልጅቱስ? ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰን እዚህ የመጣነው ልጅ ለማስተማር ነው፤ አይተን ዝም ማለት አልቻልንም። ጀልባው ሲሄድ ትምህርት ቤቱ አይከተልም።

ይህን ጥያቄ የጠየቅነው የመጀመሪያዎቹ እኛ እንዳልሆንን ስናነብ ደረስንበት። ድሮ እነዚህን ጀልባዎች ፈረስ ነበር የሚጎትታቸው፤ ከሰል፣ ሸክላና እህል ይጭናሉ። ጀልባ ነጂው ቤተሰቡን መሬት ላይ ትቶ ይሠራ ነበር። ከ1830ዎቹና 1840ዎቹ ወዲህ ባቡር እየተስፋፋ ጭነቱን ሲሻማ ክፍያው ወረደ፤ ብዙዎች የቤት ኪራዩን ትተው ሚስትና ልጆቻቸውን ጀልባው ላይ አወጡ። ያው የጋሼ ምክንያት! የሚኖሩባት ክፍል ርዝመቷ 3፣ ወርዷ 2 ሜትር ያህል ነበረች። ልጆቹ ፈረስ ይነዳሉ፣ የሎክ በር ይከፍታሉ፤ ፊደል ግን አይቆጥሩም፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ከተማ ናቸውና። ጆርጅ ስሚዝ የተባለ፣ በልጅነቱ ጡብ ማምረቻ ውስጥ ጭቃ ሲሸከም ያደገ ሰው ስለ እነሱ ጮኸ። በ1877 ጀልባዎች እንደ መኖሪያ እንዲመዘገቡ፣ በውስጣቸው የሚያድረው ሰው ቁጥር እንዲወሰን፣ ልጆቹም ጀልባው በተመዘገበበት ቦታ የትምህርት ግዴታ እንዲኖርባቸው የሚል ሕግ ወጣ። በ1884 ደግሞ ቁጥጥሩ ጠበቀ። እንግዲህ ሕጉ ወጣ፤ ልጆቹ ግን መንገድ ላይ ናቸው። የተመዘገቡበት ትምህርት ቤት አንድ ቦታ፣ እነሱ ሌላ ቦታ!

በ1930ዎቹ በምዕራብ ለንደን የተደረገው ነገር ለእኛ ለዕጩ መምህራን ልብ የሚነካ ነው። ኤልስዴል የሚባል የጭነት ጀልባ ጀልባዎቹ ጭነት በሚጠብቁበት አካባቢ ታስሮ የመማሪያ ክፍል ሆነ። ልጆቹ አባታቸው ጭነት እስኪታዘዝለት ድረስ ገብተው ይማራሉ፤ ትእዛዙ ሲመጣ ይሄዳሉ። አስቡት እስቲ፦ ዛሬ «ሀ» ያስቆጠራችሁት ልጅ ነገ የለም፤ ከወር በኋላ ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ናቸው። የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ የሚያስተምሩን መምህራችን ለዚህ ክፍል ሳምንታዊ ዕቅድ አውጡ ቢሉን ምን እንጽፍ ነበር? ሦስታችንም ሞክረን ከአንድ ገጽ አላለፍንም።

የጭነቱ ዘመን አልፏል። በ1962 እና 63 መካከል በነበረው ክረምት ቦዮቹ ለሳምንታት በረዶ ሆነው ጀልባዎቹን ባሉበት ያዟቸው፤ ከዚያ በኋላ የጠባብ ጀልባ ንግድ አላገገመም። በሌላ በኩል ግን ኤል.ቲ.ሲ. ሮልት የተባለ መሐንዲስና ጸሐፊ በ1939 ክሬሲ በምትባል አሮጌ የእንጨት ጀልባ ላይ ከሚስቱ ጋር መኖር ጀምሮ፣ በ1944 ስለ ኑሮው መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። ቦዮቹ እንዳይደፈኑ የሚከራከር ማኅበር በ1946 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነው። ዛሬ አሮጌ ጀልባ ገዝቶ የሚገባው ሰው ሁሉ፣ ጋሼን ጨምሮ፣ የእሱ ተከታይ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሮልት ያን ጊዜ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ አልነበረችውም።

ይህን ሁሉ አጠናቅረን ለጋሼ ጻፍንላቸው። ላሜራው ይበየዳል፣ አኖዱ ይለወጣል፣ ሻጩም የብየዳውን ከዋጋው ላይ ይቀንስ፤ ነገር ግን ማቆሚያ ሳያገኙ ጀልባ አይግዙ፣ የልጅቱ ትምህርት ቤት ቋሚ ነው አልናቸው። ቃላችን ጠንከር ያለ ነበር፤ ከታናሽ ለታላቅ የሚጻፍ እንዳይመስል እየፈራን ነው የላክነው።

ጋሼ አልተቆጡም። የመለሱልን አጭር ነበር፦ «ልጆች፣ አንብቤዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ነገር ግን በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ቤት ነው የቀየርነው። አንዱ አከራይ ሸጠው፣ አንዱ ኪራይ ጨመረ፣ አንዱ ልጁን አስገባበት። ልጄ ሁለት ትምህርት ቤት ለቃለች። ቋሚ የምትሉት የቱን ነው?»

ይህን ስናነብ ከሦስታችንም ቃል አልወጣም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ስልኩን አስቀምጠን ተኛን፤ እንቅልፍ ግን የወሰደን ቆይቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እኛም ወደማናውቀው ወረዳ ተመድበን በሰው ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንገባ ነን። አከራያችን ውጡ ያለን ቀን የምናስተምራቸው ልጆች ምን ይሆናሉ? የሒሳቡ ሠልጣኝ ጠዋት ላይ የአራቱን ቤቶች ዘመን በአራት አካፍሎ አንድ ዓመት ከሦስት ወር አለ። እኛ የፈራነው 14 ቀን ነው፤ ልጅቱ በመሬት ላይ እያለችም የኖረችው በዓመት ከሦስት ወር ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ እንክዳለን አንልም። ነገር ግን እኛ ውሃና መሬት አድርገን ያየነውን ጋሼ የሚያዩት እንደዚያ አይደለም፤ የራስና የሰው አድርገው ነው የሚያዩት።

ደግመን ጻፍን። በዚህኛው ላይ ይግዙ፣ አይግዙ አላልንም። ልጅቱ ከምትማርበት ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ርቀት ውስጥ ምን ምን ማቆሚያ እንዳለ በካርታ ላይ ፈልገን አምስት አገኘንና ላክንላቸው። ጋሼ ለሁሉም ደወሉ። ሁለቱ ሰው እንዲኖርበት አይፈቅዱም፤ ለሽርሽር ብቻ ነው። ሁለቱ ዝርዝራቸው ሞልቷል። አንዱ፣ በስተምዕራብ ያለው፣ ስማቸውን መዘገበ፤ በወረፋው ሁለተኛ ናቸው።

ሻጩም ለብየዳው 4 ሺህ ፓውንድ ቀንሷል። ጀልባው አሁን ከውሃ ወጥቶ እንጨት ላይ ተቀምጧል፤ በግራ በኩል አዲስ ላሜራ ሊለጠፍበት ነው። ጋሼ የላኩት የመጨረሻው ፎቶ አበባም ግንብም የለበትም፤ የተፋቀ፣ ቡናማ የሆነ ሆድ ብቻ ነው። እማማ ይህንን ነው ያስቀሩት። የባሕር ዳሩን ቤት ነገር አንሥተው አያውቁም። «ገንዘቡ የእሱ ነው፤ ላቡ ነው» ነው ያሉን፤ ፊታቸውን ግን ወደ መስኮቱ መልሰው ነበር።

ምርቃታቸውን ገና አልሰጡም። ማቆሚያው ሲገኝ ነው ብለዋል። የልጅቱ ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም መጀመሪያ ነው፤ ይህ ጽሑፍ እስከተለጠፈበት ዕለት ድረስ ከማቆሚያው መልስ አልመጣም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሦስታችንም እንነሣለን።